ተኝቶ የታጨደው የእህቴ ጤፍ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ፣ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ሥር እስከ ዛሬ ጤፍ ከሚዘሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ስልጤው ባለሱቃችን ስኳር በሚጠቀልልባቸው የጋዜጣ ቁራጮች ነው። ዛሬ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ለጎረቤት ሁሉ የማነበው እኔ ነኝ። ሞፈርና ቀንበር ራሴ እጠርባለሁ፤ የተበላሸ የውሃ ፓምፕም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም፤ ቀጥሎ የማወራው ነገር በምን ዓይነት ሰው ላይ እንደደረሰ እንዲታወቅ ነው።

ከአባታችን የወረስነው መሬት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ላይኛው የታናሽ እህቴ፣ ታችኛው የእኔ። ሁለቱንም የማርሰው እኔ ነበርኩ። ምርቱ ከዓመት ዓመት ሲቀንስ ግን እህቴ ድርሻዋን ምርቱን እኩል ለሚያካፍላት ሌላ ገበሬ ልትሰጥ አሰበች።

"ጋሼ፣ አትቀየመኝ። መሬቱ ደክሟል፤ አንተም ደክመሃል" አለችኝ።

ስለ መሬቱ ካለችው ይልቅ ስለ እኔ ያለችው አንገበገበኝ። "አንድ ክረምት ስጪኝ" አልኳት፤ ካላማረላት ድርሻዋን በራሴ እጅ ላስረክብ ቃል ገባሁ።

ያሰብኩት ነገር ነበረኝ። ዋናው ሰብል ከመዘራቱ በፊት መሬቱን በሌላ ተክል ሸፍኖ፣ ተክሉን በለጋነቱ ገልብጦ ማረስ አፈሩን ናይትሮጅን ያጠግበዋል ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ናይትሮጅን ማለት ያው ዩሪያ የምንለው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ነገር ነው። በበልጉ ዝናብ በእህቴ ድርሻ ላይ ጓያ ዘራሁ። ዘሩ ሲያልቅብኝ በእኔ ድርሻ ላይ አጃ በተንኩ። ሁለቱም ተክል ናቸው ብዬ።

ጓያውን በአበባው ገለበጥኩት። አጃው ጋ ስደርስ በሬዎቼ ደከሙ፤ ቆይቶ ገለባ መስሎ ከደረቀ በኋላ ነው ያረስኩት። በሐምሌ ሁለቱም ላይ ጤፍ ዘራሁ።

የእህቴ ጤፍ አረንጓዴው ጠቁሮ ወጣ። ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኛ የሚያመላልሱት አውቶቡሶች ሲያልፉ ሰው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያየው ነበር። የእኔው ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። አንድ እጅ ዘርቶት፣ አንድ ዝናብ ወርዶበት! ደስ ስላለኝ የእህቴ ላይ የለመድኩትን ዩሪያ ሙሉውን ጨመርኩ። የእኔውን ከእንግዲህ ምን ያደርግለታል ብዬ ተውኩት።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ማለዳ ስደርስ የእህቴ ጤፍ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ተኝቷል። የእኔው ቢጫ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

እህቴ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች። "ጋሼ፣ የኔን አጥግበህ ጣልከው፤ ያንተን አስርበህ አቆምከው።"

"ነፋሱ ነው።"

"ነፋሱ ያንተን ማሳ አያውቀውም?"

ኮንዶሚኒየሞቹን ላሳብብ ፈልጌ ነበር፤ በሕንፃዎቹ መካከል የሚወጣው ነፋስ የሷን ድርሻ ብቻ ነው የሚመታው ልላት። ሳስበው እኔም አላመንኩትም። ማንንም ጠይቄ የማላውቀው ሰውዬ ሄጄ የግብርና ባለሙያዋን ይዤ መጣሁ። ልጅ እግር ናት።

"አባባ፣ የጓያው ሥር ላይ ትንንሽ እብጠት አይተው ነበር?"

"አይቻለሁ። በሽታ መስሎኝ ለእህቴ አልነገርኳትም።"

ሳቀች። "ናይትሮጅኑን ከአየር የሚያመጣው እሱ እኮ ነው! መሬቱ ጠግቦ ሳለ እርስዎ ዩሪያ ደገሙት። ጤፉ ሲጠግብ ይረዝምና ራሱን መሸከም ያቅተዋል።"

"አጃውስ?"

"አጃ ከአየር አያመጣም። ደርቆ ሲቀበር ደግሞ የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ያለውንም ናይትሮጅን ከአፈሩ ይወስዳሉ። በኋላ ይመልሱታል።"

"መቼ?"

"ቀስ ብለው።"

ራሴን ነቀነቅኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ዞረብኝ። የምግብ መብዛት እንዴት ይጥላል? መሬት የቀበርኩለትን እየበላስ እንዴት ይራባል?

የተኛ ጤፍ አጨዳው መከራ ነው። ኅዳር ሲገባ ከእህቴ ጋር ቁጢጥ ብለን፣ በግራ እጃችን እያነሳን ሦስት ቀን አጨድን። ከሥር ያለው በስብሶ ነበር። ስንጨርስ፣ "ቃሌ ቃል ነው፤ መሬቱን ለዚያ ገበሬ ስጪው" አልኳት።

ማጭዷን መሬት ላይ አኖረች። "ደክሟል ብዬ ነበር ልሰጥ ያሰብኩት። የደከመ መሬት ጤፍን እንዲህ አወፍሮ አይጥልም። አንድ ክረምት ጨምሬልሃለሁ። ዩሪያ ግን ሳትጠይቀኝ እንዳትነካ!"

እንግዲህ የሠራሁትን ልቁጠር። በሰፈራችን ማንም ያልሞከረውን፣ ጓያ በአበባው ገልብጫለሁ። የወደቀ ጤፍ በዚህ ጉልበቴ ከመሬት አንስቻለሁ። በዓመቱ ጓያውን ደግሜ፣ ታናሽ እህቴን ፈቃድ ጠይቄ፣ "አይሆንም" ስትለኝ ዩሪያውን ሳልነካ ከርሜያለሁ፤ ጤፏም ቆሞ ታጨደ፤ መሬቷንም እስከ ዛሬ የማርሰው እኔ ነኝ። ያንን ቢጫ ማሳዬንም ምንም ሳልጨምርበት አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። እንዴት እንዳደረግኩት ግን አላውቅም።