የጤናዬ እግር

ሽታዬ የዲማ ገበሬ ሚስት ነበረች። ባሏ እንዳላማው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በዓመቱ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። ከዚያ ወዲህ አራሽ መለመኑም፣ አጨዳውም፣ የስድስት ዓመቷን ጤናዬን ማሳደጉም በእሷ ላይ ወደቀ።

በጥር ወር መንደሩን ጉንፋን አዳረሰው። ጤናዬ አራት ቀን በትኩሳት ነደደች። ሲለቃት ሽታዬ «ተመስገን» ብላ ወደ አውድማዋ ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ግን ልጅቱ ከመደቡ ልትወርድ ስትል ጮኸች።

«እማ፣ ባቴን! ባቴን!»

እግሯ አላበጠም፣ አልቀላም። ሲነኳት ግን ታለቅሳለች። ብታቆማት በጣቶቿ ጫፍ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ ልምሻ ነው ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

የዚያኑ ቀን የጣሊያን ጦር መንደር እያቃጠለ እየመጣ ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ሰው ሁሉ ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ጀመረ። ሽታዬ ያላት አንድ ጀርባ ነው። የዘር ጤፏን ጥላ ልጇን አዘለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ቁልቁለቱን ወረደች። ማዘያው ትከሻዋን ልጦታል። ከአንድ ዋሻ ሲደርሱ አንድ ወጌሻ የልጅቱን እግር ልሽላት ብሎ ተጠጋ። አብረዋቸው የተሰደዱት ሽማግሌ፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ እጁን ያዙት።

«ጉንፋን ይዟት ነበር?» አሏት።

«አዎ፣ አባቴ። ትኩሳቱ በለቀቃት ማግስት ነው እግሯን ያመማት።»

«ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች?»

«ታንቀሳቅሳለች።»

«እንግዲያ ልምሻ አይመስለኝም። የእኅቴ ልጆች ሁለቱም እንዲህ ሆነው በሳምንታቸው ሮጠዋል። አታሳሺያት፤ ውሃ አጠጫት፣ ትረፍ።»

«እርስዎ ካሉ» አለች ሽታዬ። አምናቸው አይደለም፤ ለመከራከር አቅም አልነበራትም።

ሦስት ቀን ወደ ውሃውም ወደ ሜዳውም አዝላ አመላለሰቻት። በአራተኛው ቀን ጤናዬ ድንጋዩን ተደግፋ ቆመች፤ ተረከዟም መሬት ነካ። በማግስቱ ከልጆች ጋር ትሯሯጥ ጀመር። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽታዬን ግን ዋሻው ጥግ ተጋድማ በቀትር እንቅልፍ ወሰዳት።

ሲመለሱ ቤቱ አመድ ሆኖ ጠበቃቸው። በዚያ ክረምት ወንድሟ በሰጣት ጥቂት ገብስ ማሳዋን ዘራች።

እንዳላማው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በሕይወት ተመለሰ። ትንሽ እንስራ ተሸክማ ከወንዝ የምትወጣ ልጅ መንገድ ላይ አግኝቶ «የማን ልጅ ነሽ?» አላት፤ ጤናዬ ነበረች። ሽታዬ ስለዚያ ቁልቁለት ምንም አልነገረችውም። ወገቧን ለምን እንደሚያማት ሲጠይቃት ብቻ «ደክሞኝ ነው» አለችው።