ደህና ነኝ በማለቴ

ሰው አገሩን የሚለቀው በጨለማ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ከደጋው አገሬ ከገዘር የወጣሁት በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎደሬ ተሸክሜ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቀበሌው ለጦር ዘመቻ ስሜን ጽፎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ በዚያው መንገድ ሄዶ አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አልላከም። እህቴ ወርቅነሽ ገበያተኛን ማን ይጠረጥራል ብላ አሸከመችኝ። ታዲያ እስከ ጂንካ ድረስ ያገኘኝ ሁሉ ጎደሬውን ሽጥልኝ እያለ መድረሻ አሳጣኝ። ከጂንካ በዲመካ አድርጌ፣ የፍየል ነጋዴዎችን ተከትዬ፣ ኬንያ ገባሁ።

ስደተኞች ካምፕ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ምግብ ሲሰጡኝ ገንፎ መስሎኝ፣ ቅቤውን ፍለጋ መሃሉን ቆፈርኩት። ቅቤ የለም። ሙቀቱንማ አታንሱብኝ፤ የገዘርን ጭጋግ በጠርሙስ ይዤ በመጣሁ ብያለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቃለ መጠይቁ ነው። የስደተኛ ወረቀት የሚሰጠው መከራ ተመዝኖ ነው፤ የቀለለበት ወደ ድንበር ይመለሳል። ስለዚህ ሰልፉ ላይ ሰው ሁሉ መከራውን ያሳምራል። ጂንካ ሱቅ የነበረው የካምፕ ጎረቤቴ ከማል፣ በቅሎ የረገጠችውን እግሩን የእስር ቤት ጠባሳ ሊያደርግ ሦስት ቀን ማነከስ ተለማመደ። የአንተ ፊት ጠግቦ ያደረ ይመስላል፣ ትንሽ ጨፍገግ በል እያለ እኔንም ይመክረኛል።

ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ጠያቂዋ ፈረንጅ ናት፤ በአስተርጓሚ እንዴት ነህ አለችኝ። በእኛ ደንብ ለሰላምታ ክፉ አይመለስም። ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ አልኩ። ቤተሰብስ? ደህና። ወንድም አለህ? አዎ፣ ደህና። ከብቶቹም ደህና ናቸው አልኩ፣ ሳትጠይቀኝ። ልጆችዎስ ደህና ናቸው ብዬም ጠየቅኳት። ሁሉንም ጻፈችው። በሳምንቱ ችግር የለበትም የሚል መልስ መጣ።

ከማል ጭንቅላቱን ያዘ። "አንተ ሰውዬ፣ አንተስ ይሁን፣ እንዴት አንዲት ላም እንኳ አትታመምም?"

እሱም አልቀናውም፤ በቀኝ እያነከሰ ገብቶ በግራ እያነከሰ ወጣ። ኋላ ሱቁ መወረሱን ሲናገር ነው ወረቀት ያገኘው። መወረሱን ከመከራ አልቆጠረውም ነበር።

እኔም ይግባኝ ብዬ ተመለስኩ። ሴትየዋ መዝገቧን አየችና "ደህና ከሆንክ ለምን ተሰደድክ?" አለች።

"ደህና ልሁን ብዬ ነዋ።"

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። እሷ ወንድምህ የት ነው አለችኝ። ዘመቻ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው፣ ደብዳቤም የለም አልኳት።

"ታዲያ ደህና መሆኑን በምን አወቅህ?"

"አላውቅም። ግን ደህና አይደለም ካልኩ፣ የቀበርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።"

ብዕሯን አስቀመጠች። ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም አለች።

"ያን ጊዜማ ገና ሰላምታ ላይ ነበርን።"

ወረቀቱን ሰጠችኝ።

ደርግ የወደቀ ዓመት እህቴን ጂንካ ስልክ ቤት አስጠርቼ አገኘኋት። ድምጿ ይቆራረጣል። ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን አለች። ከብቶቹስ? ደህና። ታደሰስ?

ላሟ ወለደች አለችኝ። ያልሰማችኝ መስሎኝ ታደሰስ አልኩ ደግሜ።

"ደህና ነው" አለች። "አንተስ?"

"እኔም ደህና ነኝ" አልኳት።