የማህዲ አይጦችና የዙለይሃ መድኃኒት

ዙለይሃ ከጅዳ በተመለሰች ሰሞን ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የሚባል አልነካትም። ቀን ከሌት መንዙማ ትላለች፣ ያመጣችውን ልብስ ለመንገደኛው ሁሉ ታድላለች፣ አፏ አያርፍም። የሐይቅ ሰው እንግዲህ እኛው ነን፤ በረካ ወረደባት ብለን ዱዓ እንድታደርግልን በሯን አጣበብነው። ወሩ ሳይሞላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ መብላቱም መናገሩም አስጠላት። ያኔ ዱዓ ፈላጊው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ግማሹ ጂን ነው አለ፣ ግማሹ ዐረብ አገር የለመደችው ስንፍና ነው አለ። ዐረብ አገር ስንፍና እንደሚያስለምድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው!

ደሴ ወስዶ ያሳከማት ታናሽ ወንድሟ ማህዲ ነው። ሐኪሙ ባይፖላር የሚባል ሕመም መሆኑን፣ ያ ልክ ያጣ ደስታም ያ ድባቴም የአንድ በሽታ ሥራ መሆናቸውን ነግሮ ሊትየም የሚባል ክኒን ጀመረላት። ክኒኑ ዙለይሃን መለሰልን። አስፋልቱ ዳር ተቀምጣ ዓሣ መሸጥ ጀመረች፤ ዋጋ ሊያወርድባት የሚሞክረውን የሚኒባስ ተሳፋሪ እያሳቀች ታባርረው ነበር። ማህዲም አዲስ አበባ ገብቶ ለሁለተኛ ዲግሪው ይህንኑ ሕመም በአይጥ ላይ ማጥናት ያዘ። «ወንድሜ ለኔ ብሎ ነው» እያለች ትኮራበት ነበር።

ከዚያ ክኒኑ ጠፋ። ደሴም ወልድያም ያልጠየቀችው ፋርማሲ የለም፤ መልሱ «አልገባም» ብቻ ነው። እንቅልፏ መሸሽ ሲጀምር ምን እየመጣባት እንደሆነ ከማንም በፊት ራሷ አወቀች፤ ተነሥታም ወንድሟ ዘንድ ሄደች።

ኋላ እንዳጫወተችኝ፣ ማህዲ እየተደሰተ ሥራውን አስጎበኛት። አንዷ አይጥ ሆን ተብሎ እንድትታወክ መርፌ ተወግታለች፤ ለፈተና በገባችበት ሳጥን ውስጥ ያለ ዕረፍት ትሽከረከራለች። ጎኗ ያለችው ግን እንደሷው ተወግታም ሰክናለች።

«ይችን ምን ሰጠሃት?»

«ሊትየም።»

ዙለይሃ ሳቀች። «የኔውን? ያ ረቢ! በል ለኔም ቆንጠር አርግልኝ።»

«ኧረ በአላህ፣ እታለም! ይሄ ለምርምር የመጣ ዱቄት ነው፣ ለሰው አይሆንም፤ ይጎዳሻል። አብሽሪ፣ ክኒኑ ሰሞኑን ይገባል።»

አልዋሻትም፤ ዱቄቱ በእርግጥም ለሰው የሚሆን አልነበረም። እኔን የሚያበግነኝም ይኸው ነው። ለአይጥ የሚሆነው ባሕር ተሻግሮ ሲደርስ ለሰው የሚሆነው የት ቀረ?

ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ክኒኑም አልገባም። ከረመዳን በኋላ አንድ ጠዋት «እስጢፋኖስ ያሉትን መነኮሳት ሰላም ብዬ ልምጣ» አለችና በየብስ መሄድ ሲቻል ሐይቁን በእግሯ ልታቋርጥ ገባችበት። ዓሣ አስጋሪዎች በጀልባ ደርሰው ጎትተው አወጧት። የዚያኑ ቀን አባቷ ጋሽ ኑርዬ ሰንሰለት ገዝተው ጓዳ ካለው ምሰሶ ጋር አሰሯት። ክፉ ሰው አይደሉም። ቁርጭምጭሚቷ እንዳይላጥ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልለውታል፤ ሲጠቀልሉም እያለቀሱ ነበር። ግን አሰሯት።

ማህዲ ለአረፋ መጣ፣ ተመርቆ። ሳሎኑ በመራቂ ሽማግሌ ሞልቷል። እኔ ጎረቤታቸው ጓዳ ለዙለይሃ ምሳዋን እያቀረብኩ ነበር፤ ማህዲ ገባና ሰንሰለቱን ሲያይ አባቱን ጠርቶ ቁልፉን ጠየቀ።

«መድኃኒቱን አምጣና ቁልፉን ውሰድ» አሉት ጋሽ ኑርዬ። «አለበለዚያ ሐይቁ ዳር ቆመህ አንተ ትጠብቃታለህ?»

ማህዲ እህቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። አባቱ ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ።

«ማህዲዬ» አለች ዙለይሃ፣ ቀስ ብላ። «አይጦችህን ታስራቸዋለህ?»

«አይፈቀድም።»

«ብቻቸውንስ ታስቀምጣቸዋለህ?»

«የለም። ብቻቸውን ሲሆኑ ይከፋቸዋል።»

«አሁን የት ናቸው?»

ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ጨርቅ ያስተካክል ጀመር። ደግማ ጠየቀችው።

«ጥናቱ ሲያልቅ ይገደላሉ፣ እታለም። ግን መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነው፤ ምንም አያማቸውም።»

ሰንሰለቷን ወደ ጭኗ ሰበሰበች።

«ይገርማል» አለች። «ለነሱ የመሞቻውም አልጠፋ።»