ጋሼ የሚነሱበት ሐሙስ

መሥሪያ ቤታችን የመማሪያ መጻሕፍት ያዘጋጃል። እኔና «ጋሼ አራት ነጥብ» አራሚዎች ነን፤ ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ አራት ነጥብ የጎደለው ዓረፍተ ነገር ካዩ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም። ሠላሳ ዓመት ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ሰውንም እንደ ጽሑፍ ነው የሚያነበው። «ደህና አደሩ?» ስትሏቸው እንኳ ከሰላምታው ምን እንደጎደለ ይፈልጋሉ። ከአፋቸው የማትጠፋ ተረት አለቻቸው፦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

የሥራ ሳምንታችን ለሁለት ሲከፈል ጥርጣሬያቸው ባሰ። ማክሰኞና ሐሙስ ቢሮ፣ የቀረውን ከቤት በኮምፒውተር ስብሰባ ተባለ። እኛ ከትራንስፖርት ግፊያ ተገላገልን ብለን ስንደሰት እሳቸው «ይህን ያሰበው ማነው? ለምን አሁን?» አሉ። ምክንያት ነበራቸው፤ አይካድም። የአራሚዎች ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ተብለው አራት ዓመት ሙሉ ሲጠባበቁ ኖረዋል፤ ቋሚው ሹመት ደግሞ በዚያው ወር ሊወሰን ነበር። ቤታችን ቅርብ የሆነ ሰዎች በቤት ቀናችንም ቢሮ ብቅ እያልን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሻይ እንጠጣለን። እኔ አንዷ ነኝ። ሁለት ሕፃናት ባሉበት ቤት ውስጥ ሥራ የሚባል ነገር የለም፤ ጋሼ ግን ይህን ምክንያት አንድም ቀን አምነውኝ አያውቁም።

«ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ብለው ዘዴ ዘየዱ። ማክሰኞ ሁለተኛ ፎቅን፣ ሐሙስ ሦስተኛ ፎቅን እየዞሩ ሰዉን ይጨብጣሉ፤ የእናት ጤና፣ የልጅ ፈተና ሳይቀር ይጠይቃሉ። ማን ከማን ጋር ቆሞ እንደሚያወራም በዓይናቸው ይመዘግባሉ። ከቤት ሲሠሩ ደግሞ ስብሰባው ከመጀመሩ አምስት ደቂቃ ቀድመው ገብተው፣ ካሜራቸውንም ድምፃቸውንም አጥፍተው ያዳምጣሉ። ይህንን የሰማሁት በኋላ ከባለቤታቸው ነው። ካሜራ መጥላታቸውን ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ለመታወቂያ ፎቶ ተብሎ በተጠሩ ቁጥር ራሳቸውን ያማቸዋል።

አንድ ረቡዕ እንደ ልማዴ ቢሮ ብቅ ብዬ፣ ስብሰባው ሳይጀመር በስብሰባ ክፍሉ ውስጥ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። የኮምፒውተሩ ማይክ ክፍት ነበር፤ ከየቤቱ ማን ቀድሞ እንደገባ አላየንም።

«ጋሼ መቼ ነው የሚነሱት?» አልኩ።

«ነገ ጠዋት። እንዳትነግሪያቸው፤ ካወቁ ጭራሽ አይመጡም።»

«ተነስተው ሲያበቁ ይሰሙታላ።»

«አዎ። ቦርዱ የሚጠብቀው እሱን ብቻ ነው።»

ሳቅን። የምናወራው ስለ ፎቶ ነበር። ቦርዱ ሹመታቸውን ጨርሶ፣ ለማኅደራቸው ጉርድ ፎቶ ብቻ ጠይቆ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም በጭብጨባ ሊያበስራቸው ፈልጎ ደብቆታል። ሰው ለፎቶም ይነሳል፣ ከወንበሩም ይነሳል። «ፎቶ» የምትለዋን ቃል ግን ሁለታችንም አላነሳናትም።

ባለቤታቸው እንደነገሩኝ፣ ጋሼ ያን ቀን ስብሰባው ሲያበቃ ኮምፒውተሩን ዘግተው ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ምን ሆንክ?» አሏቸው እትዬ።

«ነገ ሊያነሱኝ ነው። በጆሮዬ ሰማሁ። ጠያቂዋ ደግሞ ያቺ ልጅ ናት።»

«እስቲ ደውልላትና ጠይቃት።»

«ሌባ ተጠይቆ አምኖ ያውቃል?»

ከምሳ በኋላ ተቀምጠው ለቦርዱ ደብዳቤ ጻፉ፦ ከተጠባባቂነታቸው በፈቃዳቸው እንዲነሱ፣ ለቋሚው ቦታም እንዳይታሰቡ። አራት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። አንድም ስህተት ስላላገኙበት ላኩት።

ሐሙስ ጠዋት በሠርግ ልብሳቸው መጡ። ክራቫት አስረዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ለካ በክብር ለመሰናበት ነው። እኔ ደግሞ ምስጢሩ አምልጦ፣ ሰውየው ለፎቶ የለበሱ መስሎኝ ደስ አለኝ። ፎቶ አንሺው ግድግዳው ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ወንበር አስቀምጧል።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ፤ ሊነሱ ነው» አልኩ።

«ተነስቻለሁ» አሉ፣ ዓይኔን ሳያዩ።

«መቼ?»

«ትናንት። በገዛ እጄ።»

የት ፎቶ ቤት ሄደው ይሆን ብዬ ሳስብ ሥራ አስኪያጁ ወረቀት ይዞ ገባ። አንድ የወንበር ግዢ ለማጽደቅ አራት ወር የሚፈጅበት ቦርድ፣ ለዚህ ደብዳቤ በማግስቱ መልስ ሰጥቷል፤ በጽሑፍ አልፈልግም ያለ ሰው አይሾምም ብሎ።

«ፎቶ ነበር እኮ ጋሼ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለሹመቱ ፎቶ።»

ጋሼ ነጩን ጨርቅ አዩት፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ፎቶ አንሺው ግራ ተጋብቶ «ታዲያ ላንሳቸው ወይስ ልሂድ?» አለ።

የጋሼን ደብዳቤ እኔም አነበብኩት። «አጠገቤ ተቀምጣ ጉድጓዴን የምትምስ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ተናደድኩ፤ ከእኚህ ሰው ጋር አሥር ዓመት ሻይ ጠጥቻለሁ። ቀና ስል ክራቫታቸውን አየሁና አንጀቴን በሉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ተጠባባቂዋ ኃላፊ እኔ ሆንኩ። ጋሼ ዛሬም ጎኔ ናቸው፤ አሁን በቤት ቀናቸውም ቢሮ ይመጣሉ። ስለ ደብዳቤው አንዴ ብቻ አወሩኝ።

«ያንን መስመር መሰረዝ ነበረብኝ» አሉ።

«አራት ጊዜ አንብበውታል አሉ» አልኳቸው። ሻያቸውን ይዘው ወጡ።

ባለፈው ረቡዕ ትንሿ ልጄ አሟት ከቤት ዋልኩ። ስብሰባው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ገባሁ። የጋሼ ድምፅ ከሥራ አስኪያጁ ድምፅ ጋር ይሰማል፤ ስለምን እንደሆነ አይለይም። ካሜራዬንም ድምፄንም አጠፋሁና ስሜን ያነሱ እንደሆነ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።