እናትና ልጅ አንድ ድንጋይ ውስጥ

ስሙኝማ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም! ሙዚየም ውስጥ ከጥንት አጥንት ላይ ድንጋይ እየፈለፈለች የምታነሳ ሴት አለች። መሣሪያዋ መርፌ ስለሆነ ራሷንም «መርፌ» ነው የሚሏት።

አንድ ቀን አንዲት ኢክትዮሳውር ከነድንጋይዋ መጣችላት። በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ውስጥ የኖረች ተሳቢ እንስሳ ናት። ስታዩዋት ዓሣ ትሏታላችሁ፤ ግን ሳንባ አላት፣ አየር ልትስብ ብቅ ትላለች። እንቁላል ብሎ ነገር የለም፣ እዚያው ውኃ ውስጥ ነው የምትወልደው። ዐይኗማ! ሰሃን ያህላል፣ ዙሪያውን የአጥንት ቀለበት አለው።

ያ ዐይን መርፌን አላስቀምጥ አላት። ዞር ባለች ቁጥር ጀርባዋን ውርር ያደርጋታል። ሲበዛባት ጨርቅ ጣል አደረገችበት።

«እትዬ፣ ምነው ሸፈንሻት? አማትሽ ናት እንዴ?» አላት ጀሶ የሚያቦካው ባልደረባዋ።

«ሳቅ አንተ! ታየኛለች ስልህ።»

እየፈለፈለች የእንስሳዋ ሆድ ጋ ስትደርስ ትንንሽ አጥንቶች ብቅ አሉ። ልጅ ነው። ጭራው ከእናቱ ዳሌ ወጥቷል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቷል። ምጥ ላይ እንዳሉ ነው ሁለቱም የሞቱት።

አለቃዋ ሲያይ በደስታ ሊዘል ደረሰ። «ልጁን ለይተሽ አውጪልኝ! ለብቻው መስታወት ውስጥ እናደርገዋለን፣ ሰው ይጎርፋል!»

መርፌ ወደ ልጁ አጥንት ጎንበስ አለች። የእሷም የመጀመሪያ ልጅ ሳትወለድ ምጥ ላይ ነው የሞተችው። በአንሶላ ጠቅልለው ይዘዋት ሄዱ፤ ፊቷን እንኳ አላየችም። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ስለ ልጅቷ ትንፍሽ ያለ የለም። ብቻዋን ስትሆን ግን አጠገቧ የሆነ ሰው የሚተነፍስ ይመስላታል።

መርፌዋን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አጥንት የሚያደነድኑበትን ማጣበቂያ አምጥታ በእናትና ልጅ መሃል ገለበጠችው! አንዴ ከደረቀ፣ ሁለቱንም ሳይሰብሩ መለየት የለም።

«አበድሽ እንዴ?!» ብሎ ጮኸ አለቃዋ።

«ከፈለጉ ያባርሩኝ፣ ጌታዬ። እኔ እንደሆነ አልለያቸውም።»

አላባረራትም፤ ግን ስታልፍ ፊቱን ያዞርባት ጀመር።

የዚያን ዕለት እራት ላይ፣ «ያኔ… አንተ አይተሃት ነበር?» አለችው ባሏን።

ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ቀረ። «አዎ።»

«ምን ትመስል ነበር?»

«ፀጉራም ነበረች፣» አለ ቀና ሳይል። «ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተጣብቆ…»

እናንተስ ቤት፣ ሁሉም እያወቀው ለዓመታት ሳይጠየቅ የኖረ ነገር አለ? ማን ደፍሮ ጠየቀ?