ከቴምብሩ ጀርባ ያለው ስንዴ

ይህን ነገር ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ስንት ጾም ገብቶ ስንት ጾም ሲወጣ፣ ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ጎረቤት ላይ ያጉረመረምኩትን ሁሉ ስዘረዝር ይቺን አንዷን እዘላታለሁ። ቴምብርም ኃጢአት አለው ወይ ይሉኛል ብዬ ነው። አለው። እናንተ የምታነቡት ስሙኝና ፍረዱ።

ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። ከአስኳላ ደጅ አልደረስኩም። ወንድሜ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር፣ እኔ ከአጥሩ ወዲያ ጥጥ እየፈተልኩ በጆሮዬ ለቀምኩት። እሱ ረሳው፤ እኔ ያዝኩት። ይህን ስናገር ብኮራ አትፍረዱብኝ፤ ዛሬ የምናዘዘው ሌላ ነው።

በወጣትነቴ ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ጨውና ሳሙና የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። በገበያ ቀን ከአንበሳሜ መንገድም ይምጣ ከሌላው፣ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ ፖስታውን ይዞ እኔ ዘንድ ይመጣል። አነብለታለሁ። ሲያለቅስ ቆም እላለሁ፤ ሲስቅ ደግሜ አነብለታለሁ። ደብዳቤው ቀዝቀዝ ያለ ከሆነ ከራሴ ትንሽ ሞቅ አደርገዋለሁ፤ "እንዴት ናችሁ" ብሎ ብቻ የጻፈውን ልጅ "ናፍቆታችሁ እንቅልፍ ነሣኝ" አሰኘዋለሁ። ዋጋዬ ቴምብሯ ናት። "ደብዳቤውን ውሰድ፣ ወፏን ተውልኝ" እላለሁ። ወፍ፣ አበባ፣ ድልድይ፣ ዋሊያ ያለባቸው ነበሩ።

ቴምብሮቹን ከነወረቀታቸው ቆርጬ ለብ ባለ ውኃ ላይ አንሳፍፋቸዋለሁ፤ ሲላቀቁ ሰፌድ ላይ አደርቃቸዋለሁ። ከዚያስ? ከዚያ የስንዴ ዱቄት በውኃ በጥብጬ፣ እሳት ላይ አማስዬ፣ ሌላው ሰው ጋዜጣ በግድግዳው እንደሚለጥፍ እኔ ቴምብሮቼን ለጠፍኳቸው። ከመስተዋቱ ዙሪያ ጀምሬ እስከ በሩ መቃን ደረስኩ። ቤቴ የገባ ሁሉ ቀና ብሎ ሳያይ አይቀመጥም። ጎረቤቴ እማሆይ ዘውዴ "ይቺ ሴት አገሩን ሁሉ ግድግዳዋ ላይ አሰፈረችው" ይሉ ነበር። በኋላ ቤቱ ሲታደስ አንድ በአንድ በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ አላቀቅኳቸውና በብስኩት ቆርቆሮ ከተትኳቸው።

ዶክተር ሰናይት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፤ ከጅማ መጥታ የእኛ ብርድ ያንቀጠቀጣት ልጅ። የድሮ ቴምብር ታጠናለች፦ ወረቀቱ ከምን፣ ቀለሙ ከምን፣ ሙጫው ከምን እንደተሠራ። ያ ከታወቀ ያሉትን ከጥፋት መጠበቅ፣ የተጭበረበረውንም ከእውነተኛው መለየት ይቻላል አለችኝ። ሰው ጠይቃ "ቴምብር ያላት ሴት አለች" ብለው ነው ወደ እኔ የላኳት። ቆርቆሮውን ስከፍትላት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"እትዬ ጥሩ፣ ለጥናቱ ይረዱኛል? ከጥቂቶቹ ጫፍ ጫፋቸውን እቆርጣለሁ።"

"ምን ጫፍ ጫፉን፤ ሁሉንም ውሰጂ" አልኳት።

እስቲ ማን እንዲህ ይሰጣል? የወጣትነቴን ወፎች አውጥቼ ለሳይንስ ሰጠሁ። በዚህ ዛሬም እኮራለሁ፤ ኑዛዜም ላይ ቆሜ ቢሆን እኮራለሁ።

ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ነጭ ጓንት አጥልቃ፣ አንዷን ቴምብር በወረንጦ አንሥታ፣ ጀርባዋን እያየች፣ "ጀርባቸውን ሌላ ነገር አልነካውም አይደል? ቢታጠብም ከሙጫው ወረቀቱ ውስጥ የሚቀር አለ፤ እኔ የምፈልገው እሱን ነው" አለችኝ።

እኔ ምን አልኩ? ጓንቷን አየሁ። ግድግዳዬን አሰብኩ። ይህን የመሰለ ነገር እንደ አሮጌ ጋዜጣ በሊጥ የለጠፈች ባላገር ልትለኝ ነው ብዬ አፈርኩ። "ከውኃ በቀር ሌላ አላገኘውም፤ እጄም አልነካውም" አልኳት። በዚህ አላበቃሁም። እንደ ንዋየ ቅድሳት በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሣጥን ግርጌ እንዳኖርኳቸው ተረኩላት። ጨርቁን እናቴ እንደፈተለችው ሳይቀር ጨመርኩበት። ማን አስገደደኝ? አንዱ ውሸት አይበቃኝም ነበር? የሰውን ደብዳቤ ሞቅ ሳደርግ የለመደ ምላሴ ነው እንዳልል፣ ምላሱም የእኔው ነው። ዋሸሁ፤ አሳምሬ ዋሸሁ።

ከወራት በኋላ ትንፋሿ እየተቆራረጠ መጣች። ከቴምብሮቹ ጀርባ በፋቀችው ላይ አዮዲን ብታንጠባጥብ ጠቆረ፤ በማይክሮስኮፕ ብታየው የስንዴ ዱቄት ሆኖ አገኘችው።

"ስንዴ ነው፣ እትዬ ጥሩ። ከውጭ አገር የሚመጣው ሙጫ ሲያልቅ እዚሁ አገር በስንዴ ይቀቧቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ከእኛ በፊት ያየው የለም።"

በዚያች ሰዓት መናገር እችል ነበር። "ልጄ፣ ሊጡ የእኔ ነው" ማለት ምን ያህል ይከብዳል? እኔ ግን "እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

ጥናቷን በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ስታቀርብ ከፊት ወንበር አስቀመጠችኝ። ስሜን ጠርታ አስነሣችኝ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ፤ እኔ ከአጥር ወዲያ ፊደል የለቀምኩት ሴትዮ በምሁራን መካከል ቆምኩ። ልቤ እንዴት እንደሞላ አልደብቃችሁም። እማሆይ ዘውዴ ከጎኔ ነበሩ። ጭብጨባው ሳያባራ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ጥሩ፣ ግድግዳሽን ነግረሻታል?"

"ዝም በሉ፣ እማሆይ።"

"እኔስ ዝም እላለሁ። ዱቄቱ ዝም ይላል?"

እንዳሉትም ዝም አሉ፤ ዝም እንዳሉ ዐረፉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ግድግዳዬን በዓይኑ ያየና ነገሩንም የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። እኔም ከእሳቸው ጋር የተቀበረ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ዶክተር ሰናይት ተማሪዋን ይዛ መጣች። የይፋግ ልጅ ናት፤ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ። የመመረቂያ ጥናቷን በእኔ ስንዴ ላይ ልትሠራ ነው። ከሐሙሲት እስከ ጋይንት እየዞረች፣ የሰው ሣጥን እያስከፈተች፣ ያንን የስንዴ ሙጫ ልትፈልግ ነው። አታገኘውም። ከግድግዳዬ በቀር የትም አልነበረም። ድካሟን ሁሉ በእኔ ሊጥ ላይ ልታፈስ እያየሁ ምን አደረግሁ? መረቅኋት። ራሷ ላይ እጄን ጭኜ "ይቅናሽ" አልኳት። ሲወጡ የመረቅሁበትን እጄን ገልብጬ አየሁትና ወረቀት አነሣሁ።

ነገ ጠዋት ይህን ጽሑፍ ይዤ ዶክተሯ ዘንድ እሄዳለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም። አንዲት ቴምብር አለችኝ። እማሆይ ለወታደር ልጃቸው ደብዳቤ ሊያጽፉኝ ሲመጡ ገዝተው ያመጧት ናት። ጽፈን ሳንጨርስ ልጁ ራሱ በሩን ገፍቶ ገባ። እማሆይ ደብዳቤውን ቀደው "ቴምብሯ ላንቺ ትሁን፤ እኔ የጠራሁት ደርሶልኛል" አሉኝ። ምላስ አልነካት፣ ውኃ አልነካት፣ ሊጥ አልነካት። "ሁሉንም ውሰጂ" ስል እሷን አስቀርቼ ነበር፤ ይኸው እሱም ውሸት ነበር። ከእሷ ጋር ከዕቃ ቤቴ አንድ እፍኝ የስንዴ ዱቄት ቋጥሬያለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አዮዲኗን ታንጠባጥብ፤ ዱቄቱ ይጠቁራል፣ የቴምብሯ ሙጫ አይጠቁርም። የእኔን ወሬ ትታ እሱን ትመን።

አልተማርኩም፣ አላወቅሁም ብዬ አላመካኝም። ጥያቄዋ ገብቶኛል፤ መልሱንም አውቀው ነበር። ይቅርታዋን ብትሰጠኝም ባትሰጠኝም እሷ ታውቃለች፤ ከእሷ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በዚያው አዳራሽ፣ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት፣ ያቺ የይፋግ ልጅ ከፊት ወንበር ተቀምጣ እያየችኝ ልቁም። ነጠላዬን አስተካክዬ፣ አንገቴን ሳልደፋ እቆማለሁ። ጥናቱን ረድታለች ተብሎ ስሜ እንዲጠራ የምፈልገው ያን ዕለት ነው። ትረካ አልጨምርበትም። እጄ ነክቶታል ብዬ እጀምራለሁ።