የሽማግሌ ቃል የዘጋው ጨዋታ

ልጄ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ናት። አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ሰልችቷት፣ የግብርናውን፣ የሕጉንና የጤናውን ተማሪ ቀላቅላ በጨዋታ ማስተማር አማራት። አለቃዋ «ሕፃን ነው እንዴ የምናጫውተው?» ቢላትም፣ አንድ ቀን አብሮ መጥቶ ሊያይላት ተስማማ። ከወደደው ትቀጥላለች፤ ካልወደደው ይቀራል።

ተማሪዎቿንና አለቃዋን ይዛ እኛ ዘንድ፣ ደባርቅ መጣች። በከተማችን አዳራሽ ወለል ላይ በጠመኔ ተራራ፣ ምንጭ፣ ግጦሽና የገብስ ማሳ ሣለች። ጠጠሩ በግ ነው። ገሚሱ ገበሬ፣ ገሚሱ የፓርክ ጠባቂ፣ ገሚሱ ሐኪም ሆነ። ዝናብ ቀርቷል ይባልና በአንዲቱ ምንጭ ይሟገታሉ። እንግዲህ ትምህርቱ ሙግቱ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ የመንደሩ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» አለችኝ። ጋቢዬን ሰብስቤ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ።

ተራዬ ሲደርስ፣ እንደ አገራችን ደንብ፣ «ምንጩ ለሰው ይቅደም፤ ከብቱ ወደ ወንዝ ይውረድ፤ የላዩ ግጦሽ እስከ መስቀል ይከበር» አልሁ።

የፓርክ ጠባቂ የሆነችው የሕግ ተማሪ በጨዋታው ልትሟገተኝ ይገባ ነበር። ብድግ አለችና «እርስዎ እንዳሉ ይሁን አባ» ብላ እጅ ነሣች። ሐኪሙም «ይሁን» አለ። ገበሬዎቹማ ጠጠራቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ምርቃት የሚጠብቁ ይመስላሉ።

ልጄ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ተቃወሟቸው እንጂ» አለች።

«ቲቸር፣ ሽማግሌ ከተናገረ በኋላ? እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አላት አንዱ የዳባት ልጅ።

አለቃዋ ሰዓቱን አየ። «በሉ እንግዲህ ይመርቁንና እንሂድ» ብሎ ሣቀና ወጣ።

«አባባ፣ እስቲ ውጭ ትንሽ ፀሐይ ይሙቁ» አለችኝ ልጄ። ፀሐይ አልነበረም፤ ጭጋጉ መንገዱን ሸፍኖታል። እኔ ከደጃፉ እንደወጣሁ ውስጥ ሙግቱ ተነሣ።

«አንተ ሐኪም ነህ ወይስ የበግ ነጋዴ?»

«አንቺስ ምንጩን ከአባትሽ ወረስሽው?»

ሣቃቸው እስከ ውጭ ይሰማል። አለቃው መኪና ውስጥ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ጠጋ ብዬ መስኮቱን መታ መታ አደረግሁ።

«ጌታዬ፣ አሁን ይግቡ፤ ገና አሁን መጀመራቸው ነው።»

«አይቼዋለሁ እኮ አባቴ» አለኝ በትሕትና። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

ማታውን «እኔ ባልገባ ይሻል ነበር» ብላት፣ «የጠራሁዎት እኔ ነኝ» አለች። እስከ ዛሬ በሰሌዳ ነው የምታስተምረው። ለበዓል ስትመጣ ስለ ልጆቿና ስለ ጤናዋ እጠይቃታለሁ፤ ስለ ሥራዋ ግን አላነሣባትም።